አዲስ የደረሰ ሲጋር ወዲያው ይለኮስ ወይስ ይረፍ?

ካርቶኑ ደረሰ፣ ቴፑን ቀደዳችሁት፣ የትምባሆው ሽታ ፊታችሁን መታው፣ ከዛ በኋላ እጅ ዝም አይልም፣ ላይተር ፍለጋ ነው። አውቃለሁ፣ እኔም ስንቴ አርጌዋለሁ። ለቸኮለ ሰው አጭሩን መልስ ልስጥና ልገላግለው፦ አንዷን ዛሬ ማጨስ ካማራችሁ አጭሷት፣ የቀሩትን ግን ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀምጧቸው። ረጅሙ መልስ ደግሞ ይሄ "ሁለት ሳምንት" የሚባለው ነገር ራሱ ግምት ነው፣ ወሳኙ ቀኑ ሳይሆን ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ ነው፣ እሱን ደግሞ በጣትም በሚዛንም ማወቅ ይቻላል።

በነገራችን ላይ የማወራው ስለ ሲጋር ነው፣ ስለ ሲጋራ አይደለም። ሲጋራ የተከታተፈ ትምባሆ በወረቀት ነው፣ ፓኬቱን ከፍታችሁ ብታጨሱት ወይ ነገ ብታጨሱት ያው ነው። በእጅ የሚጠቀለል ሲጋር ግን ከላይ እስከ ታች ቅጠል ነው፣ ወረቀት የሚባል ነገር የለውም። መሀል ላይ ረዘም ረዘም ያሉ የታጠፉ ቅጠሎች አሉ፣ እነሱን የሚይዝ ማሰሪያ ቅጠል አለ፣ ከላይ ደግሞ ለዓይን የምታምረዋ ስስ መጠቅለያ ቅጠል አለች፣ ራፐር የምትባለው። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው እነዚህ ሦስቱ ውሃ የሚጠጡበትም የሚተፉበትም ፍጥነት አንድ ስላልሆነ ነው።

የመጀመሪያ ትዕዛዜ ሲደርስ ይሄን አላውቅም ነበር። አምስት ፍሬ ሮቡስቶ፣ አጠር ወፈር ያለውን የሲጋር ዓይነት፣ ነበር ያዘዝኩት፣ እንደደረሰ ማታውኑ አንዷን ቆርጬ ለኮስኳት። ሲሶዋ እንኳን ሳይነድ እሳቱ በአንድ ጎን ሮጠ፣ በሌላው ጎን ቅጠሉ ጠቁሮ ቆመ፣ ስስብ ጉንጬ ወደ ውስጥ እስኪገባ ድረስ እምቢ አለኝ፣ አራት ጊዜ መልሼ ለኮስኩ፣ መጨረሻ ላይ አፌን ሬት አርጋው ጣልኳት። ከዛ ምን አረግኩ፣ ለሻጩ የተቆጣ መልእክት ጻፍኩ፣ የላካችሁልኝ የተበላሸ እቃ ነው ምናምን ብዬ። የቀሩትን አራቱን ክዳኑ ጥብቅ የሚል የፕላስቲክ እቃ ውስጥ ከአንድ የእርጥበት ፓኬት (የእቃውን አየር እርጥበት ልክ ላይ ከሚይዝ ትንሽ ከረጢት) ጋር ወርውሬ ረሳኋቸው። ከወር በላይ ቆይቼ አንዷን አወጣሁ፣ ተስፋ ኖሮኝ ሳይሆን ለመጣል ስለሳሳሁ ነው። ኧረ ሌላ ሲጋር ሆና ጠበቀችኝ! እሳቱ ቀጥ ብሎ ወረደ፣ አመዷ የአውራ ጣት አንጓ ያህል ሆኖ ሳይወድቅ ቆመ፣ ምሬቱም የለም። ለሻጩ ይቅርታ መጻፍ ነበረብኝ፣ አልጻፍኩም፣ አፈርኩ።

እንግዲህ መንገድ ላይ ምንድነው የሚሆነው? ትምባሆ ከደረቀና ከተብላላ በኋላም ከአየሩ ጋር ውሃ መቀባበሉን አይተውም። አየሩ እርጥብ ከሆነ ይጠጣል፣ ደረቅ ከሆነ ይሰጣል። ሲጋሩ ሻጩ ጋ ምናልባት 70 በመቶ አካባቢ እርጥበት ባለበት ክፍል ተቀምጦ ነበር፣ ከዛ ፌስታል ውስጥ ገባ፣ መጋዘን አደረ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ዋለ፣ ከዛ ደግሞ ብርድ ቦታ። ሙቀት ሲነካው ቅጠሉ ውሃውን ለፌስታሉ አየር ይለቃል፣ ቀዝቀዝ ሲል ያ ውሃ ይመለሳል፣ ሲመለስ ግን መጀመሪያ የሚያገኘው ውጪ ያለችውን ስሷን ራፐር ነው፣ መሀል ያለው ወፍራሙ ክፍል ዜናውን የሚሰማው ከቀናት በኋላ ነው። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ሲደርስ ውጪውና ውስጡ አልተስማሙም። ማረፍ የሚባለው እንግዲህ እነሱን ማስታረቅ ነው፣ ሌላ ምንም ምስጢር የለውም።

ይሄ አለመስማማት ሲለኮስ በዓይን ይታያል። ውጪው እርጥብ ሆኖ ውስጡ ደረቅ ከሆነ እሳቱ መሀሉን እየበላ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ራፐሩ ሳይነድ ወደኋላ ይቀራል፣ ዋሻ ይሆናል። ውጪው ደርቆ ውስጡ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ ውስጡን ሲያሳብጠው ራፐሩ መለጠጥ አቅቶት ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። ሁሉም ከመጠን በላይ እርጥብ ከሆነ ቅጠሉ አብጦ መተንፈሻውን ይዘጋዋል፣ እሳቱም ጉልበቱን ውሃ በማትነን ይጨርሰዋል፣ ይጠፋል፣ ትለኩሳላችሁ፣ ይጠፋል፣ እንደገና በለኮሳችሁ ቁጥር ምሬቱ ይጨምራል። ሁሉም ከደረቀ ደግሞ ቶሎና በጣም ሞቆ ይነዳል፣ ጢሱ ምላስ ይነክሳል። እንግዲህ ብዙ ሰው "ይሄ ብራንድ አይረባም" ብሎ የሚፈርደው ከነዚህ አንዱ ደርሶበት ነው፣ የኔን የተቆጣ መልእክት ጨምሮ።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታባችሁ። ማሳረፍና ማስረጀት ለየቅል ናቸው። ማስረጀት የዓመታት ጉዳይ ነው፣ የትምባሆው ጠባይ ራሱ ይለወጣል፣ ጉልበቱ ይለሰልሳል፣ ሁሉም ሲጋር ደግሞ ሲያረጅ አያምርበትም። ማሳረፍ የሳምንታት ነገር ነው፣ ሲጋሩን ከነበረው የተሻለ አያደርገውም፣ ፋብሪካው አስቦት ወደነበረው ቦታ ይመልሰዋል እንጂ። መጥፎ ሲጋር ሁለት ወር አርፎም መጥፎ ነው።

ወደ ስራው እንግባ።

ካርቶኑ ሲደርስ ነክታችሁት በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ አትክፈቱት። እንደታሸገ ቤት ውስጥ ሦስት አራት ሰዓት ተዉት። ቀዝቃዛ ሲጋር ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ድንገት ስትከፍቱት የክፍሉ እርጥበት እላዩ ላይ ወደ ውሃ ይለወጣል፣ ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ እንደሚያልበው ማለት ነው፣ ያቺ ስስ ራፐር ደግሞ ጠብታ ውሃ ጠላቷ ነው፣ ነጠብጣብ ይወጣባታል ወይ ትላቀቃለች። በጣም ሞቆ ከመጣም ያው ነው፣ መጀመሪያ ይረጋጋ።

ከዛ ክፈቱና አሽትቱ። ጥሩ ሽታ የመሬት፣ የእንጨት፣ የድርቆሽ፣ አንዳንዴም የጋጣ ሽታ ነው፣ ጋጣ ስል አትሳቁ፣ ቅጠሉ ከመብላላቱ የመጣ ነው። አፍንጫ የሚወጋ የአሞኒያ ሽታ ካለ ግን፣ ያ የድመት ሽንት የሚመስለው፣ ሲጋሩ ከተጠቀለለ ገና ብዙ አልቆየም ማለት ነው። ትምባሆ ሲብላላ አሞኒያ ይለቃል፣ ፋብሪካዎቹም ከተጠቀለለ በኋላ ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሚያቆዩት አንዱ ለዚሁ ነው፣ ግን ሁሉም እኩል አያቆይም። እንዲህ ላለው ሁለት ሳምንት አይበቃውም፣ በወር ቁጠሩ፣ በየወሩ ሳጥኑን ከፍታችሁ እያሸተታችሁ። የኩባ ሲጋር ሙሉ ሳጥን ከሆነ ሳጥኑን ገልብጡት፣ ከስር የታሸገበት ወርና ዓመት ማህተም ተመቶበታል፣ ወሩ በስፓኒሽ ምህፃር ነው፣ "ኤኔ" ካለ ጃንዋሪ፣ "አጎ" ካለ ኦገስት፣ "ዲክ" ካለ ዲሴምበር። ከማህተሙ ገና ጥቂት ወር ከሆነ ትዕግስት አርጉ፣ እኔ ከስድስት ወር በታች የሆነ የኩባ ሳጥን ካገኘሁ ደብቄ ነው የማስቀምጠው፣ ከራሴ።

አሁን ደግሞ እያወጣችሁ በብርሃን እዩ። መርፌ ወግቶት የሄደ የመሰለ ክብ ቀዳዳ ካለ፣ ከስሩ ቡናማ ዱቄት ካለ፣ ነቀዝ ነው። የትምባሆ ነቀዝ እንቁላሉን ቅጠሉ ውስጥ ይጥላል፣ ሙቀት ሲያገኝ ይፈለፈላል፣ ትሉ ደግሞ ሲጋሩን እየበላ ይወጣል፣ ከዛ ወደ ጎረቤት። ብዙ ፋብሪካ ከመላኩ በፊት በማቀዝቀዝ ይገድለዋል፣ ቢሆንም አልፎ የሚመጣ አለ። ጥርጣሬ ካላችሁ ሁለት ዚፕ ከረጢት አደራርባችሁ፣ አየሩን አስወጥታችሁ፣ መጀመሪያ አንድ ቀን ፍሪጅ፣ ቀጥሎ ሦስት ቀን ሙሉ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሚደርስ ፍሪዘር፣ ከዛ መልሳችሁ አንድ ቀን ፍሪጅ፣ ከዛ ክፍል ውስጥ ሳትከፍቱት ግማሽ ቀን። ደረጃዋን አትዝለሉ፣ ከፍሪዘር ቀጥታ ወደ ሙቀት ካወጣችሁት ነቀዙ ቢሞትም ራፐሩ ይፈነዳል። ነጭ ነገር ካያችሁ ደግሞ፣ ፀጉር ፀጉር የሚል ወይ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ ሻጋታ ነው፣ እግሩ ላይ፣ ማለትም በሚለኮሰው ጫፍ በኩል ወደ ውስጥ ከገባ መጣል ነው። "ይሄ ሻጋታ አይደለም፣ የዘይቱ አበባ ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው" የሚሏችሁ ሰዎች አሉ፣ እኔ በግሌ ነጭ ነገር ባየሁ ቁጥር ሻጋታ ነው ብዬ ነው የምነሳው።

ቀጥሎ የጣት ፈተና። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ያዙና በቀስታ ጫን፣ እንቁላል እንደምትይዙት፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ትንሽ ገባ ብሎ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ጥሩ ሁኔታ ላይ ነው። እንደ ስፖንጅ ገብቶ ከቀረ እርጥብ ነው። ቋ ቋ የሚል የደረቀ ቅጠል ድምፅ ካሰማችሁ፣ ያን ድምፅ እንደሰማችሁ እጃችሁን አንሱ፣ ደርቋል። ከአንድ ቦታ ብቻ አትፈርዱ፣ ራሱ (አፍ የሚገባው ጫፍ) ጋ፣ መሀሉ፣ እግሩ ጋ። መሀሉ ጠንክሮ እግሩ የለሰለሰ ይኖራል፣ ያ እንግዲህ ያልታረቀው ነው።

የት እናስቀምጣቸው? ከነባሮቹ ጋር አትቀላቅሉ! አዲሶቹ ለብቻቸው ነው የሚከርሙት፣ ነቀዝም ሻጋታም ካለ እዛው ይቅር፣ በዛ ላይ እርጥብ የመጣ ሃያ ፍሬ ድንገት ስትጨምሩ የነባሮቹን ሂዩሚዶር፣ ማለትም እርጥበቱ የሚጠበቅበትን የሲጋር ማስቀመጫ ሳጥን፣ ያናውጠዋል። ለዚህ ውድ ነገር አያስፈልግም፣ እንዲያውም የእንጨት ሂዩሚዶር ለማሳረፊያ አልመርጠውም። ክዳኑ ላስቲክ ያለው፣ አራት ጎን ቀጭ ቀጭ እያለ የሚዘጋ የምግብ ፕላስቲክ እቃ ይበቃል። ምግብ ተቀምጦበት የማያውቅ ይሁን፣ አዲስም ሆኖ የፕላስቲክ ሽታ ካለው ሽታ በሌለው ነገር አጥባችሁ ክፍቱን ሁለት ቀን አስጡት፣ ሲጋር ሽታ ይሰርቃል። ከሲጋር ሳጥን የተረፈ የስፓኒሽ ሴዳር ቁራጭ ካላችሁ ከስሩ ጣል አርጉበት፣ ባይኖርም ችግር የለም። (ሴዳር ይባላል እንጂ ዘሩ ከማሆጋኒ ወገን ነው፣ ጥድ ቆርጣችሁ እንዳትከቱ፣ የሙጫው ሽታ ሲጋሩ ላይ ይቀራል።)

ከዛ የእርጥበት ፓኬት። ቦቬዳ የሚባለው በጣም የታወቀው ነው፣ ውስጡ የጨው ሙሙት ነው ያለው፣ አየሩ ሲደርቅ ይሰጣል፣ ሲበዛ ይመልሳል፣ ያ ሁለቱንም ማረጉ ነው ለማሳረፍ የሚያስመርጠው፣ እርጥብ ስፖንጅ መስጠት እንጂ መቀበል አይችልም። ላዩ ላይ የሚይዘው እርጥበት በመቶ ስንት እንደሆነ የሚናገር ቁጥር አለ፣ 58፣ 62፣ 65፣ 69፣ 72 እያለ ይሄዳል። እኔ የማሳርፈው 65 ላይ ነው፣ የኩባውን 62 ላይ። 69 ወይ 72 የሚመርጡም አሉ፣ ጥብቅ ባልሆነ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ከሆነ እሺ፣ ጥብቅ ፕላስቲክ ውስጥ ግን 72 ለኔ ብዙ ነው። ለሃያ አምስት ፍሬ አንድ 60 ግራም ፓኬት ይበቃል፣ እርጥብ ሆነው ከመጡ ሁለት ብታረጉ አይበዛም፣ የሚጠጣው ብዙ ነው። እቃውን እስከ አፉ አትሙሉት፣ አየር መዞሪያ ይፈልጋል። የተቀመጠበት ቦታ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ቢሆን ሸጋ ነው፣ ፀሐይ የማይነካው ቁምሳጥን ውስጥ ምናምን፣ ፍሪጅ አናት ላይ ግን በፍፁም፣ እዛ ሁሌም ሙቅ ነው፣ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙ ደግሞ ነቀዙን ከእንቅልፉ ትቀሰቅሱታላችሁ።

የእንጨት ሂዩሚዶር ብቻ ነው ያለኝ ካላችሁና አዲስ ከሆነ፣ ሲጋር ከመክተታችሁ በፊት እንጨቱ ራሱ መጠጣት አለበት። ደረቅ እንጨት የሲጋራችሁን ውሃ ነው የሚጠጣው። ለዚህ የተሰራ 84 የሚል ፓኬት አለ፣ እሱን ባዶው ሳጥን ውስጥ ዘግታችሁ ሁለት ሳምንት፣ ከዛ አውጥታችሁ 65ቱን ወይ 69ኙን ተኩ።

ሃይግሮሜትር፣ የአየር እርጥበት መለኪያው ነገርስ? ዲጂታል የሆነች ትንሽዬ አንድ ግዙ፣ ግን ከፋብሪካ እንደመጣች አትመኗት። የመጀመሪያዬ 61 እያለችኝ ስጨነቅ ከርሜ፣ ፓኬት ስጨምር ስጨምር፣ ሲጋሩ እንደ ስፖንጅ ሆኖ አረፈው፣ ለካ እሷ ናት የምትዋሸው። መፈተኛው ደግሞ ከጨው ሌላ ምንም አይፈልግም። የጠርሙስ ክዳን ውስጥ የገበታ ጨው ሙሉ፣ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ድረስ ጠብ ጠብ እያረጋችሁ ውሃ ጨምሩ፣ እንዳይሟሟ፣ ጨው እላዩ ላይ መታየት አለበት። ክዳኑንና ሃይግሮሜትሩን ሳይነካኩ አንድ ዚፕ ከረጢት ውስጥ አስገብታችሁ አየር ሳታወጡ ዝጉትና አሳድሩት። በክፍል ሙቀት እንዲህ ያለ ጨው በዙሪያው ያለውን አየር 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል፣ ጠዋት መለኪያዋ 71 ካለች አራት ታሳንሳለች ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ የምታነቡት ላይ ሁሉ አራት ደምሩ። ጀርባዋ ላይ ማርከር አንስታችሁ "+4" ብላችሁ ጻፉ፣ ካልሆነ ትረሱታላችሁ፣ እኔ ረስቻለሁ።

ሴሎፎኑ፣ እያንዳንዷ ሲጋር ለብሳው የምትመጣው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ይውለቅ ወይስ ይቆይ የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ሴሎፎን ተራ ላስቲክ አይደለም፣ ከእንጨት ሴሉሎስ የሚሰራ ነው፣ የውሃ እንፋሎት ቀስ ብሎ ያሳልፋል። ስለዚህ ካላወለቃችሁትም ሲጋሩ ያርፋል፣ ብቻ ይዘገያል። እርጥብ ሆኖ ከመጣና ቶሎ እንዲስተካከል ከፈለጋችሁ አውልቁት፣ ደርቆ ከመጣ ግን ተዉት፣ ያ መዘግየት ያን ጊዜ ይጠቅማል። የመስታወት ወይ የአሉሚኒየም ቱቦ ውስጥ የመጣ ከሆነ ክዳኑን ክፈቱት፣ ታሽጎ የሚያርፍ ነገር የለም።

የደረቀው ነገር ትንሽ ይብራራ፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ደርቆ መጣ ተብሎ ቀጥታ 72 ላይ ይወረወራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነው ነገሩ፣ ራፐሩ በአንድ ቀን ጠጥቶ ያብጣል፣ ውስጡ ገና እንደደረቀ ነው፣ እግሩ በኩል ፈንድቶ ታገኙታላችሁ። የደረቀን ቀስ ብሎ ነው የሚያነሱት፣ 58 ካላችሁ እሱ ላይ ሁለት ሳምንት፣ ከዛ 62 ላይ ሁለት ሳምንት፣ ከዛ 65። ፓኬት ማፈራረቅ የሚሰለቻችሁ ከሆነ 62 ላይ ብቻ አስቀምጡና ለሁለት ወር እርሱት። የፖም ቁራጭ አብሮ መክተት፣ እርጥብ ፎጣ፣ ሻወር ቤት ውስጥ ማስቀመጥ የሚሉ ምክሮች ትሰማላችሁ፣ ሁሉም ሻጋታ አምራች ናቸው። ደግሞ የደረቀ ሲጋር ቢድንም የለቀቀውን ዘይት አይመልስም፣ ለወራት ደርቆ የከረመ ከሆነ ብዙ አትጠብቁ።

ስንት ጊዜ ነው ታዲያ? ከቅርብ ተልኮ፣ በፓኬት ታሽጎ፣ የጣት ፈተናውን ካለፈ አራት አምስት ቀን ይበቃዋል። ከሩቅ ከመጣና ምንም ጉድ ካላየሁበት ሁለት ሳምንት። እንደ ስፖንጅ ከሆነ ሦስት አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም በላይ። ወፍራም ሲጋር ከቀጭኑ ይበልጥ ጊዜ ይፈልጋል፣ ውሃው ወደ መሀል የሚሄድበት መንገድ ይረዝማላ። ሪንግ ጌጅ የሚባለው ቁጥር ውፍረቱ ነው፣ አንዱ ቁጥር የኢንች አንድ ስልሳ አራተኛ ነው፣ ስለዚህ 50 የሆነ ሮቡስቶ ወደ 20 ሚሊሜትር ይጠጋል፣ 38 የሆነ ላንሴሮ 15 ሚሊሜትር ገደማ፣ 60 የሆነው ግንድ ደግሞ 24 ገደማ። ላንሴሮው በሳምንት ልክ ሲገባ ያ ግንድ ወር ሙሉ ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። ኮኔቲከት የሚባለው ነጣ ያለ ስስ ራፐርና ካሜሩን የሚባለው ለንዝንዝ አይመቹም፣ ቶሎ ይሰነጠቃሉ፣ እነሱን በጣት ፈተናም አታድክሟቸው።

ከዚህ ሁሉ ግምት የሚገላግል ግን አንድ ነገር አለ፣ ሚዛን። የኩሽናው አይሆንም፣ 0.01 ግራም የምታነብ የኪስ ሚዛን። የደረሱ ዕለት አንዷን ምረጡ፣ የብራንዱ ስም ያለበት ቀለበቷ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አርጉባት፣ መዝኑና ቁጥሩን እቃው ክዳን ላይ በለጠፋችሁት ወረቀት ጻፉ። በየሦስት ቀኑ ያቺኑ አንዷን አውጥታችሁ መዝኑ። ባለፈው የመጡት ሮቡስቶዎች የመጀመሪያ ቀን ነጥቧ ያለባት 13.62 ነበረች፣ በሦስተኛው ቀን 13.51፣ በስድስተኛው 13.44፣ እያለች እያለች 13.33 ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ሁለት ጊዜ ተከታትላ ያው ቁጥር ሰጠች። ያ ነው የምትጠብቁት። ቁጥሩ ስንት ሆነ ሳይሆን መንቀሳቀስ አቆመ ወይ ነው ጥያቄው፣ ከቆመ ከሳጥኑ አየር ጋር ታርቃለች፣ ከዛ ደግሞ ውስጧ እርስ በርሱ እንዲስተካከል ሌላ ሳምንት ስጧት። አየሩ 65 ስላለ ብቻ ሲጋሩ 65 ሆኗል ማለት አይደለም፣ ሃይግሮሜትር የሚለካው አየሩን ነው፣ ይሄን የሚስት ሰው ብዙ ነው።

"ማሳረፍ ዝም ብሎ ወሬ ነው" የሚሉም አሉ፣ ግማሽ እውነት አላቸው። ራሳችሁ ሱቅ ሄዳችሁ በደንብ ከተያዘ ክፍል መርጣችሁ የገዛችሁትን ሲጋር ምኑን ታሳርፉታላችሁ፣ መንገድ ላይ ምንም አልደረሰበትም፣ ማታ አጭሱት። ደግሞ አንድ ወር የጠበቃችሁት ነገር በጠበቃችሁት ልክ ይጣፍጣችኋል፣ አእምሮ እንደዛ ነው። ስለዚህ ራሳችሁ ፈትኑት። ከአንድ ዓይነት አምስት ስታዙ አንዷን በደረሱበት ቀን፣ ሁለተኛዋን በሳምንት፣ ሦስተኛዋን በሁለት ሳምንት፣ አራተኛዋን በወር፣ የመጨረሻዋን በሁለት ወር አጭሱ፣ በተቻለ መጠን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት መጠጥ። ጣዕሙን ብቻ አትጻፉ፣ ጣዕም ስሜት ይከተላል፣ ስንት ጊዜ መልሳችሁ እንደለኮሳችሁ፣ እሳቱ ቀጥ ብሎ ወርዶ እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፉ። የኔ ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ልዩነት በመጀመሪያውና በሁለት ሳምንቱ መሀል ነው ያለው፣ በወርና በሁለት ወር መሀል እውነቱን ለመናገር ልዩነቱን መለየት ያቅተኛል።

የደረሰበት ቀን ያቺን አንዷን ማጨሳችሁ ደግሞ ብክነት አይደለም፣ መነሻችሁ እሷ ናት። ያለሷ ማረፉ ለውጥ አምጥቶ እንደሆነ በምን ታውቁታላችሁ?

ጊዜው ደርሶ ልታጨሱ ስትሉ አሁንም ትንሽ የረጠበች ከመሰላችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ አውጡና ባዶ የሲጋር ሳጥን ውስጥ፣ ፓኬት በሌለበት፣ አሳድሯት፣ ክፍላችሁ በጣም ደረቅ ከሆነ ጥቂት ሰዓት ይበቃል። ከዛ ስትለኩሱ እሳቱን ከእግሩ ራቅ አርጋችሁ ዙሪያውን አሙቁት፣ ዳር ዳሩ ቀይ ሲሆን ነው መሳብ፣ ከዛም በደቂቃ አንዴ ገደማ፣ ሲጋር በጥድፊያ ሲሳብ በደንብ ያረፈውም ይመራል። ወደ ውስጥ አይማግም፣ ያ ማለት ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፣ ሲጋርም ትምባሆ ነው፣ እቃውንም ልጅና ውሻ የማይደርሱበት ቦታ አርጉት፣ የምግብ እቃ ስለሚመስል በተለይ።

ወር ሙሉ አርፋ፣ ሚዛኗ ቆሞ፣ አሁንም አልሳብ ካለችስ? ያኔ ውሃ አይደለም ችግሩ፣ አጠቃለሉ ነው። ቅጠል ተጠማዞ ወይ በዝቶ አንድ ቦታ ተቋጥሯል፣ በጣት ስትሄዱበት እንደ ጠጠር ይሰማችኋል። ራሱን ትንሽ ወረድ አርጋችሁ ቁረጡት፣ ካልሆነ ቀጭን ረጅም ሽቦ ወይ ለዚሁ የተሰራውን መውጊያ በመሀል ቀስ አርጋችሁ አስገቡ፣ እያሽከረከራችሁ፣ ራፐሩን እንዳትበሱት። ከአንድ ሳጥን አንዷ እንደዛ ብትሆን በእጅ የተሰራ ነገር ነው፣ ያጋጥማል። ሦስት አራቷ እንደዛ ከሆኑ ግን ፎቶ አንሱ፣ የሚዛኑን ወረቀት አያይዙ፣ ለሻጩ ጻፉ፣ ያን ጊዜ የምትጽፉት የተቆጣ መልእክት ቢያንስ ማስረጃ አለው።